ልብሱን ማን ሣለው?

«ኮሚክ» ሲባል እኛ ቶሎ ትዝ የሚለን የሚያስቅ ሰው ነው። አሜሪካኖች ግን በሥዕል ታሪክ የሚተርከውን ቀጭን መጽሐፍ ነው እንዲያ የሚሉት። ለዚህ መጽሐፍ አፍቃሪዎች ተብለው የሚታተሙ መጽሔቶችም ነበሯቸው። የእነሱ ነገር ነው ሰሞኑን የከነከነኝ።

«ዊዛርድ»ን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሲጀመር ዋና ጉዳዩ ኮሚክ ነበር፤ ሠዓሊዎቹን ያነጋግራል፣ የቆዩ ዕትሞችን የገበያ ዋጋ ይዘረዝራል። «ኤክስ ሜን» በ2000፣ «ስፓይደርማን» በ2002 ፊልም ሆነው ከወጡ ወዲህ ግን ገጹን ተዋንያን ይሻሙት ጀመር። በ2011 መጽሔቱ በወረቀት መታተሙን አቆመ። በ1970 በ300 ያህል ሰዎች የተጀመረው የሳንዲያጎ የኮሚክ ጉባኤም ዛሬ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ይጎርፍበታል፤ ረጅሙ ሰልፍ ግን ለፊልም ነው።

በአዘጋጆቹ አልፈርድም። መጽሔት የሚኖረው በገዢ ነው፤ ፊልም የሚያየው ሰው ደግሞ ኮሚክ ከሚያነበው እጅግ ይበልጣል። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ልቦለዱን ሳያነቡ በፊልሙ ሊመልሱልኝ የሚሞክሩ ተማሪዎች ነበሩኝ። ታሪኩን አይስቱትም። «ደራሲው ማነው?» ስላቸው ግን ጣራ ጣራውን ያያሉ።

ይሄ የስም ነገር ቀላል አይደለም። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር የተባሉ ወጣቶች ሱፐርማንን ፈጥረው በ1938 መብቱን በ130 ዶላር ሸጡት። በ1947 ቢከሱ ጊዜ ስማቸው ከገጹ ተፋቀ። በ1975 ሱፐርማን ትልቅ ፊልም ሊሆን ሲሰናዳ ሲግል የአንድ መሥሪያ ቤት አነስተኛ ደመወዝተኛ ነበር፤ የሠዓሊው የሹስተር ዓይን ደግሞ ሊጠፋ ደርሷል። ሲግል ብሶቱን ጽፎ ለጋዜጦች በተነ። እነ ኒል አዳምስና ጄሪ ሮቢንሰንን የመሳሰሉ ሠዓሊዎችም አብረው ጮኹ። ነገሩ የፊልም ወሬ ስለነበር ሰሚ አገኘ። ዓመቱ ሳያልቅ ኩባንያው ለእያንዳንዳቸው በዓመት 20,000 ዶላር ሊከፍል፣ ስማቸውንም ሊመልስ ተስማማ።

ልብ በሉ፤ ያኔ የፊልሙ ወሬ ሰውን ወደ ሠዓሊው ጠረጴዛ መልሶ ወስዶታል። ሚዛኑም ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል እንጂ ገጽ በመቁጠር አይደለም። ስለ ተዋናዩ ልብስ ሦስት ገጽ የጻፈ አዘጋጅ፣ ልብሱን መጀመሪያ ማን እንደሣለው አንድ መስመር ቢጨምር ምን ይጎድልበታል?

ሲግልና ሹስተር ያችን አንድ መስመር ከ25 ዓመት በላይ ጠብቀዋታል።