ይድነቃቸው ተሰማ ምን አተረፉልን? ምን ዕዳስ ተዉልን?



ቂርያት ማላኺ ይሁን ገዴራ ወይም ያቭኔ፣ ልጆቻችን የኤሊ ዳሳን ስም ጠንቅቀው ያውቃሉ። ከኢትዮጵያ ከመጣ ቤተሰብ ኔታንያ ተወልዶ የእስራኤል ብሔራዊ ቡድን አምበል ሆኗል። ትንሽ ከፍ ያሉት ደግሞ ባሩክ ደጎን ያስታውሳሉ። ኢትዮጵያ ተወልዶ አሽዶድ ያደገ፣ በ2004 ከማካቢ ቴል አቪቭ ጋር በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ የተጫወተ ልጅ ነው። ስለ ይድነቃቸው ተሰማ ብትጠይቋቸው ግን መልሳቸው "ማነው እሱ?" ነው። አባቶቻችን በበኩላቸው "እንደ ይድነቃቸው ያለ ሰው አይገኝም" ይሉና ነገሩን ይዘጉታል። አንዱ አያውቃቸውም፣ ሌላው አይመዝናቸውም። ሁለቱም አይበጅም። ዛሬ እኒህን ሰው ሚዛን ላይ እናስቀምጣቸው፤ በተለይም በአንድ ጥያቄ፣ ማለትም በተጫዋች እንጀራ። (ዓመቶቹን የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ሚዛኑን እንምረጥ። በአሜሪካ እግር ኳስ፣ ማለትም ኳሱን በእጅ በሚይዙት ጨዋታ፣ እያንዳንዱ ቡድን ተጫዋች የሚገዛ፣ የሚሸጥ፣ ደሞዝ የሚወስን ሥራ አስኪያጅ አለው። ከ1994 ጀምሮ ደግሞ የደሞዝ ጣሪያ ተደንግጎበታል። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቡድን ለተጫዋቾቹ በሙሉ ማውጣት የሚችለው 34.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2024 ወደ 255.4 ሚሊዮን አድጓል። ብልጥ ሥራ አስኪያጅ የዘንድሮውን ክፍያ ለሚቀጥሉት ዓመታት እየገፋ ዛሬ ጠንካራ ቡድን ሊሠራ ይችላል። እሱ ሲሄድ ግን ተተኪው ካዝናውን ሲከፍት፣ ቡድኑን ለቀው ለሄዱ ተጫዋቾች የተያዘ ሂሳብ ያገኛል። ስለዚህ እዚያ አንድ ሥራ አስኪያጅ ከወንበሩ ሲነሳ ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ ምን አሸነፈ? ምን ዕዳ ትቶ ሄደ? ለአቶ ይድነቃቸውም የምንጠቀመው ይህንኑ ሚዛን ነው።

ይድነቃቸው ተሰማ በ1921 ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ በግጥማቸውና በዜማቸው ስማቸው የገነነ፣ ድምፃቸውን በሸክላ ካስቀረጹ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ። ልጅየው ደግሞ በ1935 የተመሠረተውን ቅዱስ ጊዮርጊስን ገና በልጅነታቸው ተቀላቅለው ከ20 ዓመት በላይ ተጫወቱ። ለብሔራዊ ቡድኑ ተሰልፈዋል፣ አሠልጥነዋል፣ የአገሪቱንም ስፖርት በቢሮ መርተዋል። በ1957 ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ካርቱም ላይ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን (ካፍን) ሲመሠርቱ ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ከ1972 ጀምሮ ነሐሴ 1987 አዲስ አበባ ላይ እስካረፉበት ቀን ድረስ ፕሬዚዳንቱ ሆኑ። አሥራ አምስት ዓመት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው አንድ ነገር አለ። በመጋቢት 1961፣ ለ1962ቱ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን እዚሁ እስራኤል መጥቶ ተጫውቷል። ሁለቱም ግጥሚያ የተደረገው እዚህ ነው፤ እስራኤል 1 ለ 0 እና 3 ለ 2 አሸነፈች። የኛ ሰው ገና ጎንደርና ትግራይ ሆኖ ወደ ኢየሩሳሌም ሲጸልይ፣ የኢትዮጵያ ኳስ ተጫዋቾች ቀድመውን ደርሰው ተመልሰዋል! ያ ተሸንፎ የተመለሰ ቡድን ዓመት ሳይሞላው፣ ጥር 1962፣ አዲስ አበባ ላይ ግብፅን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ አነሳ። አሠልጣኙ ይድነቃቸው፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ። ኢትዮጵያ ዋንጫውን ያገኘችው ያኔ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

እንግዲህ ትርፉን እንቁጠር።

አንደኛው ትርፍ ክብር ነው። በ1957ቱ የመጀመሪያ ውድድር ደቡብ አፍሪካ "ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ አሰልፋለሁ" ስትል ካፍ አልቀበልም አላት፤ ከውድድሩም ወጣች። ይድነቃቸው ይህን አቋም ዕድሜያቸውን ሙሉ ይዘው ተከራከሩ። በ1976 ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ሲያባርር የእሳቸው ድካም ከጀርባው ነበረበት። ጥር 2012 ላይ ቂርያት ማላኺ ውስጥ "ለኢትዮጵያውያን ቤት አንሸጥም፣ አናከራይም" ብለው የተፈራረሙ ነዋሪዎች አሉ ተብሎ ሲሰማ አደባባይ የወጣን ሰዎች፣ ይህ ትርፍ ስንት እንደሚያወጣ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም።

ሁለተኛው ትርፍ ወንበር ነው። ለ1966ቱ ዓለም ዋንጫ አፍሪካ የራሷ የሆነ አንድ ቦታ እንኳ አልተሰጣትም ነበር። ይድነቃቸውና ጋናዊው ኦሄኔ ጃን ቀስቅሰው አህጉሩ በሙሉ ማጣሪያውን ረግጦ ወጣ። ፊፋ ደነገጠ፤ ለ1970 አንድ ቦታ ሰጠ፣ ሞሮኮም ሄደች። በ1982 ሁለት ሆነ። ዛሬ ለ2026 ዘጠኝ ነው። በይድነቃቸው የፕሬዚዳንትነት ዘመን የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ (1975) እና የወጣቶች ሻምፒዮና (1979) ተጀምረዋል። በዚህ በኩል ሂሳቡ ንጹሕ ነው፤ ተተኪያቸው ያገኘው ካዝና እሳቸው ከተረከቡት ይበልጥ ነበር።

ዕዳው ያለው ተጫዋቹ ጋ ነው።

ይድነቃቸው የአማተር ዘመን ሰው ናቸው። ኳስ ለፍቅር፣ ለክለብና ለአገር እንጂ ለገንዘብ አይጫወቱም ብሎ ያደገ ትውልድ። በዚያ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ተጫዋች በትክክል "ደሞዝተኛ ኳስ ተጫዋች" አልነበረም። በመቻል ከሆነ ወታደር፣ በኦሜድላ ከሆነ ፖሊስ፣ በቴሌ ከሆነ የቴሌ ሠራተኛ፣ በድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ከሆነ የፋብሪካ ሰው ተብሎ ይመዘገባል። እንጀራው የሚመጣው ከመሥሪያ ቤቱ ነው። ይህ ክፉ ብቻ አልነበረም፤ እግሩ ሲደክም የሚመለስበት ወንበር ነበረው። ግን ችሎታው ስንት እንደሚያወጣ የሚነግረው ማንም አልነበረም። ሉቺያኖ ቫሳሎን ተመልከቱ። የአፍሪካን ዋንጫ ከንጉሡ እጅ የተቀበለ አምበል፣ በደርግ ዘመን አገሩን ጥሎ ጣሊያን ገባ፤ ጋራዥ ከፍቶ በመካኒክነት ኖረ። በ2022 እዚያው አረፈ። ያኖረው ሙያው እንጂ ዋንጫው አይደለም።

ከዚህ የከበደው ደግሞ የሁለት ሰው ሕግ ነው። በ1965 ካፍ፣ አንድ ብሔራዊ ቡድን በአፍሪካ ዋንጫ ላይ በውጭ አገር የሚጫወቱ ከሁለት በላይ ተጫዋቾች እንዳያሰልፍ ወሰነ። ሕጉ እስከ 1982 ቆየ፤ ከዚያ ውስጥ አሥሩ ዓመት በይድነቃቸው ፕሬዚዳንትነት ነው። ሐሳባቸው የሚናቅ አልነበረም። አውሮፓ ቡናችንንና ማዕድናችንን ጥሬውን እንደወሰደች ልጆቻችንንም ጥሬ ዕቃ አድርጋ ትወስዳለች፣ እኛም ዘለዓለም አቅራቢ ሆነን እንቀራለን ብለው ይከራከሩ ነበር። እውነት አለው። ግን ዋጋውን የከፈለው ማነው? አውሮፓ አልከፈለችም። የከፈለው የማሊው ሳሊፍ ኬይታን የመሰለ ልጅ ነው፤ በ1967 ፓሪስ አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ የሚቀበለው ሰው ቢያጣ፣ ታክሲ ይዞ ሴንት ኤቲየን ድረስ የሄደው። እንዲህ ያለው ልጅ ወይ እንጀራውን ወይ የአገሩን ማሊያ ይምረጥ የሚል ሕግ ነው የተጻፈው። ሁለቱን ዕድለኞች ካልሆነ በቀር።

ለኛ ቀረብ አድርገን እንየው። ኤሊ ዳሳ በ2020 ወደ ሆላንዱ ቪቴሴ ሄደ። እስራኤል ያንን ሕግ ብትይዝ ኖሮ፣ ሌሎች ሁለት በውጭ የሚጫወቱ ከቀደሙት አምበላችን ቤቱ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ያይ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ይድነቃቸው ተሳሳቱ እንበል? ታሪክ ሁለት መልስ ሰጥቷል። በ1990 ካሜሩን በአውሮፓ የሚጫወቱ ልጆቿን ይዛ ከአፍሪካ የመጀመሪያ ሆና የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ገባች። ይህ በእሳቸው ላይ ይመሰክራል። ነገር ግን በ2006፣ በ2008 እና በ2010 ግብፅ ሦስት ጊዜ ተከታትላ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ፣ አብዛኞቹ ተጫዋቾቿ የአገር ቤት ክለብ ልጆች ነበሩ። ይህ ለእሳቸው ይመሰክራል። ልዩነቱ ምንድነው? ግብፃዊው ልጅ አገሩ የቀረው ሕግ አስሮት አይደለም፤ አል አህሊና ዛማሌክ ስለሚከፍሉት ነው። ይድነቃቸው "ልጆቻችን አገራቸው ይቅሩ" ማለታቸው ትክክል ነበር። የጎደለው "ይቅሩ፣ ግን እንክፈላቸው" የሚለው ሁለተኛው ግማሽ ነው። ዕዳው ይሄ ነው።

ያ ዕዳ እየዞረ በ2019 ተመልሶ መጣ። በዚያ ዓመት ነሐሴ፣ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ በኢሳያስ ጅራ ፕሬዚዳንትነት ዘመን፣ የአንድ ተጫዋች የወር ደሞዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አስቀመጠ። በጊዜው ምንዛሪ ወደ 1,700 ዶላር ነው፤ በኛ ወደ 6,000 ሸቀል። ያኔ የእስራኤል ዝቅተኛ ደሞዝ 5,300 ሸቀል ነበር። የሊጉ ኮከብ ጣሪያ፣ እዚህ ፋብሪካ ውስጥ በቀን ሥራ ከምናውቀው ወለል ብዙም አይርቅም።

ምክንያት አልነበረውም አንልም። አብዛኞቹ ክለቦች የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር፣ በክልልና በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጀት ነው። ውኃና መንገድ የሚጠብቅ ሕዝብ ገንዘብ ለአንድ አጥቂ ሲፈስ "በቃ" የሚል ሰው መነሳቱ ተገቢ ነው። ደግሞም በወረቀት ትልቅ ደሞዝ ተጽፎለት ወራት ሙሉ ሳይከፈለው የሚቀር ተጫዋች ብዙ ነው። ችግሩ፣ ጣሪያ ያለ ግድግዳ አይቆምም። አሜሪካኖቹ ጣሪያቸውን የሚያሰሉት ከሊጉ ገቢ ነው፤ በ2020ው ስምምነት ከገቢው ወደ 48 በመቶው የተጫዋቾች ነው፣ የተደራደሩትም ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር ነው። ገቢው ሲያድግ ጣሪያው ያድጋል። ከላይ ወደ ታች የተወረወረ አንድ ቁጥር ግን፣ ብር በረከሰ ቁጥር ራሱ እየዘቀጠ የተጫዋቹን ራስ ይነካል። በትሉሽ ላይ የማይጻፍ ገንዘብም በጓሮ በር የሚገባበትን መንገድ አያጣም።

እዚህ እስራኤል ሌላ መንገድ ነው የተመረጠው። የተጫዋች ጣሪያ የለም፤ የእግር ኳስ ማኅበሩ የበጀት ቁጥጥር ግን አለ። ክለቡ ውድድሩ ሳይጀመር በጀቱንና ዋስትናውን ያቀርባል፤ ያልከፈለ ይቀጣል። ትልቁ ሃፖኤል ቴል አቪቭ እንኳ በ2017 ዕዳው ፍርድ ቤት አድርሶት 9 ነጥብ ተቀንሶበት ከሊጉ ወርዷል። ይህ አሠራር የሚጠይቀው ክለቡን ነው፤ "ያለህን አሳይ፣ ቃል የገባኸውን ክፈል" ይለዋል። ለኛ የሚሻለው ይሄ ይመስለናል። መጀመሪያ ልክ ሊበጅለት የሚገባው የፈራሚው አለቃ እንጂ የሚሮጠው ልጅ አይደለም።

ፍርዳችን እንግዲህ ይሄ ነው። ይድነቃቸው ተሰማ አፍሪካን በዓለም ማዕድ ያስቀመጡ ታላቅ መሪ ናቸው፤ ይህን የሚክድ ታሪክ አያውቅም። ማዕዱን የሚያበስለው ተጫዋች ግን ምን ይብላ የሚለውን ጥያቄ ሳይመልሱ አለፉ። በእሳቸው ዘመን ጥያቄው ገና ለጋ ነበር፤ ስለዚህ ወቀሳው በልክ ይሁን። ከእሳቸው በኋላ የመጡት፣ ጥያቄው አርጅቶ ሳለ በአንድ ቁጥር ሊዘጉት የሞከሩት፣ ወቀሳቸው ይበልጣል።

ይህን ሁሉ የምናነሳው ለአዲስ አበባ ብቻ ብለን አይደለም። በማኅበራዊ ሥራችን የምናየው ነገር አለ። ልጁ 16 ዓመቱ ላይ "ተስፋ አለው" ተብሎ ትምህርቱን ያላላል። 22 ሲሞላው ጉልበቱ ተጎድቶ፣ ባግሩት ሳይጨርስ፣ ሙያ ሳይዝ ቤት ይቀመጣል። ወላጅ በዕብራይስጥ የተጻፈውን ውል ሳያነብ ለልጁ ደስታ ብሎ ፈርሟል። ሉቺያኖ እኮ መካኒክነት ነበረው!

እናቶች፣ አባቶች፣ ልጁ ወረቀት ይዞ ሲመጣ አትቸኩሉ። ስንት ይከፈለዋል? መቼ መቼ? ትሉሽ ይሰጠዋል? ቢቱአሕ ሌኡሚና ፔንሲያ ይከፈልለታል? ቢጎዳ ማን ያሳክመዋል? ውሉ ለስንት ዓመት ያስረዋል? የማይገባችሁ ካለ ዕብራይስጥ የሚያነብ ዘመድ ወይም ማትናስ ውስጥ ያሉትን የኛን ልጆች ጥሩ፤ ለመጠየቅ ገንዘብ አይከፈልም። ፊርማው የሚቀመጠው መልሱ በጽሑፍ ከመጣ በኋላ ነው።

ዕድሜ ያላችሁ ደግሞ፣ የ1962ቱን ዋንጫ በሬዲዮ የሰማችሁ ካላችሁ፣ ለልጆቹ ንገሯቸው። ትርፉንም ዕዳውንም።

ሰላም ሁኑልን።