ኮሬ ነጌኛ
ኮሬ ነጌኛ፣ በኦሮምኛ «የጸጥታ ኮሚቴ» ማለት ሲሆን፣ ከ2010 ዓ.ም. የአመራር ለውጥ ወዲህ በኦሮሚያ ክልል ዐመፅንና ሕዝባዊ ተቃውሞን ለማፈን ከሕግ ውጭ ግድያና እስራት ያዝዝ እንደ ነበር የሮይተርስ ዜና አገልግሎት በየካቲት 2016 ዓ.ም. ባወጣው ምርመራ የዘገበበት ምስጢራዊ የባለሥልጣናት ቡድን ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. በፈንታሌ ወረዳ አባ ገዳቸውን ጨምሮ 14 የከረዩ ኦሮሞዎች ሲገደሉ መንግሥት ታጣቂዎችን ቢወነጅልም፣ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ግን ድርጊቱ የተፈጸመው በመንግሥት የጸጥታ ኃይሎች እንደሆነ አስታውቋል፤ ሮይተርስም ይህንኑ ግድያ ከኮሚቴው ጋር አያይዞታል። ስለ ኮሚቴው ከተሰጡት ምስክርነቶች ሁሉ ይበልጥ ክብደት ያለው የሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽኑ የያኔው ዋና ኮሚሽነር ዳንኤል በቀለ (ዶ/ር) የሰጡት ቃል ሲሆን፣ እሳቸውም ኮሚቴው መኖሩን አረጋግጠው፣ በፍትሕ ሥርዓቱ ጣልቃ እየገባ ከተቋቋመለት ዓላማ ማለፉን ገልጸዋል።