ጎንደርና ሃይፋ፦ መንገድ የመጣላትና መንገድ የቀረባት



ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ይዘውት የሚመጡት አንድ ጥያቄ አለ። «አባዬ፣ ኢትዮጵያ ያን ያህል ትልቅ አገር ሆና፣ ዝናብ እያላት፣ ዓባይ እያላት ለምን ደኸየች? እስራኤል መዳፍ የምታህል ሆና እንዴት በለጸገች?» ብዙዎቻችን «ሥራ ነው ልጄ፣ ሥራ» ብለን እናልፈዋለን። መልሱ ግን ትክክል አይደለም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። የጎንደር ገበሬ ከማን ያነሰ ሠራ? ጎህ ሳይቀድ በሬ ጠምዶ ሲመሽ የሚገባ ሰው ሰነፍ አይባልም።

ስለዚህ ዛሬ ሁለት ከተሞችን ጎን ለጎን እንያቸው፤ የመጣንበትን ጎንደርንና የምንኖርበትን ሃይፋን። ዓመቶቹን የጻፍናቸው እዚህ አገር በለመድነው አቆጣጠር ነው።

ዓፄ ፋሲል በ1636 ጎንደርን መናገሻ ሲያደርጉ ዝም ብለው ቦታ አልመረጡም። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ወይና ደጋ ናት፤ ጣና ቅርብ ነው፣ ደምቢያ የእህል ጎተራ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የመንገድ መገናኛ ነበረች። አንዱ የሲራራ ነጋዴ መንገድ በትግራይ አድርጎ ወደ ምጽዋ ይወርዳል፣ ሌላው በመተማ ወደ ስናር፣ ሌላው ደግሞ በጎጃም አልፎ ከዓባይ ማዶ ወርቅ፣ ዝባድና ቡና ወዳለበት አገር ይሄዳል። ንጉሥ ባለበት ገበያ አለ። ግንብ ሲሠራም ግንበኛ ይፈለጋል፣ አናጢና ብረት ሠሪ ይፈለጋል። የእኛ አባቶች በእነዚህ ሙያዎች የታወቁ ስለነበሩ በግንቦቹ ሥራ ላይ እጃቸው እንዳለበት ከአባት ለልጅ ሲነገር ኖሯል፤ የታሪክ ሰዎችም ጽፈውታል።

ታዲያ ከተማዋን ምን ያዛት? አንደኛው ነገር መሬቱ ራሱ ነው። ከጎንደር ወደ ባሕር ለመውረድ የሰሜንን ገደልና ተከዜን ማለፍ ግድ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1769 ኅዳር ላይ ከምጽዋ አካባቢ ተነስቶ ጎንደር የገባው በ1770 የካቲት ነው፤ እያረፈም ቢሆን ሦስት ወር ግድም ማለት ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ ነጋዴው ይቆማል። በየኬላው ቀረጥ አለ። ዕቃው ሁሉ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጀርባ ነው። እህል እንዲህ ተጭኖ ሩቅ አይሄድም፤ ዋጋውን መንገዱ ይበላዋል። ለዚህ ነው አንድ አውራጃ ጠግቦ ሌላው የሚራበው። ወደቡ ደግሞ የእኛ አልነበረም፤ ምጽዋ ከ1557 ጀምሮ በቱርክ እጅ ነበረች፣ በኋላ ግብፅ፣ ከ1885 ጀምሮ ጣሊያን ያዛት።

ሁለተኛው መንግሥት ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ መቀመጫቸውን ወደ ደብረ ታቦርና ወደ መቅደላ አዞሩ፤ በ1866 ጎንደርን ራሳቸው ዘረፏት፣ አቃጠሏት። በ1888 ደርቡሾች መጥተው የቀረውን አቃጠሉ። ወዲያው ክፉ ቀን ገባ፣ ከብቱ በበሽታ አለቀ፣ ሰው በረሃብ ረገፈ። የእኛ ሰው በዚያን ጊዜ የደረሰበት ጉዳት መንደሮችን ጠቅላላ ያጠፋ ነበር።

ጎንደር እንደዚህ ወድቃ ባለችበት ሰዓት ምኒልክ ባቡር ማስገባት ጀመሩ። ሐዲዱ በ1897 ከጅቡቲ ተነሳ፣ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ርዝመቱ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ድሬዳዋ በፊት ከተማ አልነበረችም እኮ! ባቡሩ ነው የወለዳት። አዲስ አበባም ከተቆረቆረች ብዙም አልቆየችም ነበር። የአገሩ ንግድ ፊቱን ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ አዞረ፤ ጎንደር ግን እስከ ዛሬ ባቡር አልገባባትም። በሊማሊሞ ጠመዝማዛውን የመኪና መንገድ የሠራው ጣሊያን ነው፤ የሠራውም ለጦሩ ብሎ ነው እንጂ ለገበሬው አስቦ አይደለም።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንግባ። ከተማው ደኸየ፣ መንገድ ራቀ፤ ይህ የሁሉም የጎንደር ሰው ችግር ነበር። በእኛ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ነበረብን፤ እሱም የርስት ነገር ነው። በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዓፄ ይስሐቅ የእኛን ሰዎች ከወጉ በኋላ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ርስት የለውም የሚል አዋጅ እንዳወጡ ይነገራል። «ፈላሻ» የሚለውም ስም ከዚያ መጣ የሚሉ አሉ። አዋጁ እንደተነገረው ይሁንም አይሁንም፣ ውጤቱን አያቶቻችን ኖረውበታል። አብዛኛው ሰው የሌላ ሰው መሬት እያረሰ ከምርቱ ሲከፍል ኖረ። የቀረው ሸክላና ብረት ነው፤ በዚያም «ቡዳ» ተባልን።

የሌላ ሰው መሬት የሚያርስ ገበሬ እርከን አይሠራም፣ ዛፍ አይተክልም። ለምን ይትከል? በሚቀጥለው ዓመት ሊያስነሱት ይችላሉ። ብረት ሠሪውም ማረሻ ለመንደሩ ሁሉ እየሠራ፣ ሙያው ስለሚያስንቀው ልጁ ሌላ ነገር እንዲሆን ይመኛል። ልጆቻችን «ለምን አላደገችም?» ሲሉን የመልሱ ትልቁ ክፍል ይህ ነው ብለን እናምናለን። ተራራውን መንግሥት አላመጣውም፤ ይህን ግን መንግሥት ነው ያመጣው።

በ1975 መጋቢት ደርግ የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ብሎ ሲያውጅ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ፈቀደ። በጎንደር ያን ያህል የሚታደል መሬት የት ይገኛል! ያም ሆኖ በአዋጅ መሬት የደረሰን ያን ጊዜ ነው። ደስታው ግን አልቆየም፤ ባለርስት የነበሩት ቂም ያዙ፣ ኢዲዩ በሰሜን ጎንደር ሲዋጋ በመንደሮቻችን ላይ ብዙ ግፍ ተሠራ። ከዚያ ደግሞ መንግሥት ራሱ እህሉን በቆረጠው ዋጋ ይገዛ ጀመር። መሬት ሰጥቶ ገበያውን ወሰደ ማለት ነው።

ሃይፋን እንይ። ከኔቬ ዮሴፍ ወደ ታች ብትመለከቱ የባሕር ወሽመጡ ከፊታችሁ ነው። ቀርሜሎስ ተራራ፣ ያው ነቢዩ ኤልያስ የቆመበት፣ ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣውን ነፋስ ይከልላል። ከጀርባ ደግሞ የይዝራኤል ሸለቆ አለ፤ ከባሕሩ እስከ ዮርዳኖስ ሜዳ ለሜዳ ይወስዳል። እንግዲህ ሊማሊሞን አስቡና ይህን አስቡ።

ግን ተራራውም ሸለቆውም ከድሮ ጀምሮ ነበሩ፤ ሃይፋ ግን ለብዙ ዘመን ትንሽ መንደር ነበረች፣ ትልቁ ወደብ ማዶ ያለው አኮ ነበር። የለወጣት መንግሥት ነው። ቱርክ ከደማስቆ ወደ መዲና የሒጃዝን ባቡር ሲዘረጋ በፈረንሳዮች እጅ ካለው የቤይሩት መስመር የተለየ የራሱ መውጫ ፈለገ፤ በ1905 ከደርዓ እስከ ሃይፋ ያለው ሐዲድ አለቀ። የሐውራን ስንዴ በዚያ ወረደ። ቀጥሎ እንግሊዞች መጡ። በ1933 ጥልቁን ወደብ መርቀው ከፈቱ፤ ከባሕሩ በወጣው አፈር የተሞላው መሬት ዛሬ በአውቶቡስ የምናልፍበት ደሬኽ ሃዓጽማኡት ነው። ከኢራቅ ከኪርኩክ የተዘረጋው የነዳጅ ቧንቧ በ1935 ተመረቀ፣ ማጣሪያውም ተከተለ። እንግሊዝም ለመርከቦቹና ለነዳጁ ብሎ ነው፤ እንደ ጣሊያን። ልዩነቱ እዚህ የሠራው ወደብ ለገበያም መሆኑ ነው።

ድንበር ሲዘጋ ምን እንደሚሆንም ሃይፋ ቀምሳዋለች። በ1948 የኪርኩክ ነዳጅ ቆመ፣ በ1946 የተቋረጠው የደማስቆ ባቡርም ሳይመለስ ቀረ። ኢትዮጵያም በ1993 ኤርትራ ስትለይ ባሕር አልባ ሆነች፤ በ1998 ጦርነቱ ሲነሳ አሰብም ተዘጋባት፣ ሁሉ ነገር ወደ ጅቡቲ ሆነ። እስራኤል ግን ሌላ ባሕር ዳር ነበራት፤ በ1965 አሽዶድ ላይ አዲስ ወደብ ከፈተች።

አንድ የሚገርም ነገር እናንሳ። በ2016 ኦክቶበር፣ በአንድ ወር ውስጥ፣ እዚህ ከሃይፋ እስከ ቤት ሼዓን በድሮው የሒጃዝ መስመር ሸለቆ አዲስ ባቡር ተከፈተ፤ እዚያ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። ሁለቱም የሞተ መስመር ነበሩ።

እኛስ እዚህ ተዳፋት ላይ እንዴት ተሰባሰብን? ይህም የመሬትና የመንግሥት ነገር ነው። ሃይፋ ውስጥ ነፋሻውና ባሕር የሚያየው የተራራው ራስ ውድ ነው፣ ወደ ታች ወደ ፋብሪካው ስትቀርቡ ይረክሳል። በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን ከመጣን በኋላ፣ ከ1993 ጀምሮ መንግሥት ከካራቫን እንድንወጣ ልዩ ማሽካንታ ሰጠ። ለብዙዎቻችን በሕይወታችን የመጀመሪያው በስማችን የተጻፈ ቤት ነው፤ ይህን ማንም አያሳንስብን። ነገር ግን በዚያ ገንዘብ የሚገዛው ቤት ርካሹ ሰፈር ውስጥ ስለነበር በየከተማው በጥቂት ሰፈሮች ተከማቸን። አሁን ቤቱ ምን ያህል ያወጣል የሚለው ከታች ካለው ወሽመጥ ጋር የተያያዘ ነው፤ መንግሥት በ2022 የነዳጅ ማጣሪያዎቹ በአሥር ዓመት ያህል ውስጥ ሥራ እንዲያቆሙ ወስኗል፣ በዚያው ዓመት ከወሽመጡ ጣቢያ እስከ ቴክኒዮንና ዩኒቨርሲቲው የሚወጣው ራካቭሊት ሥራ ጀምሯል። የማጣሪያው መሬት ለምን ይውላል የሚለው ገና የሚያጨቃጭቅ ነገር ነው።

እናቶች፣ አባቶች፣ ከእናንተ የምንፈልገው አለ። ከመንደራችሁ እስከ ቅርቡ ገበያ በእግር ስንት ሰዓት ነበር? ክረምት ሲገባ መንገዱ ይዘጋ ነበር ወይ? ለባለ መሬቱስ ስንት እጅ ይከፈል ነበር፣ እርቦ ነው ወይስ ሲሶ? መጻፍ የሚከብዳችሁ በድምፅ ቅዱልን፣ ወይም ለልጅ ልጃችሁ ንገሩትና እሱ ይጻፍ። የመንደሩን ስም ግን አትርሱ።