በዓል ሲሻር

ባለፈው የኢድ አልፈጥር ዋዜማ ነው። አቃቂ፣ ከቤቴ አጠገብ ጎረቤቴ ቤት ያሠራል። ሲሚንቶ የሚያቦካው ጎረምሳ አካፋውን ተደግፎ፣ «ጋሼ፣ ነገ ዝግ ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ።

«ጨረቃ ከታየች ነዋ!» አልኩት፣ የምሥራች የነገርኩት መስሎኝ።

ፊቱ ላይ ደስታ ፈልጌ አጣሁ። ጣቶቹን አጠፍ ዘርጋ አድርጎ አንድ ነገር አሰላና፣ «እንግዲያው ነገም የለም» አለ። የለም ያለው ሂሳቡን ነው። የቀን ሠራተኛ ስለሆነ ያልዋለበት ቀን አይከፈለውም። እኔ ዕድሜዬን በመምህርነት፣ ደመወዜን በወር እየበላሁ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዝግ ማለት ለእኔ አልጋ ላይ ትንሽ መቆየት፣ ያልታረመ የፈተና ወረቀት መጨረስ ነበር። ለእሱ ግን ዝግ እንደ ስሙ ዝግ ነው።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን የባንክ ካላንደር በሌላ ዓይን ማየት ያዝኩ። እነዚህን ቀናት በቀይ የጻፋቸው ማን ነው? መቼ? ለማን ብሎ?

የሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነበርኩና ቃል ሳልመረምር ማለፍ አልችልም፤ ታገሡኝ። በበዓል ቀን የሠራ ሰው «በዓል ሻረ» ይባላል። ሹም ከወንበሩ ሲነሣም ተሻረ ነው። አዋጅ በሌላ አዋጅ ይሻራል። ቁስል ሲድንም ሻረ እንላለን። የአገራችንን የበዓላት ታሪክ ለማውራት ከዚህ አንድ ግስ ብዙ መራቅ አያስፈልግም።

በንጉሡ ዘመን ሐምሌ 16 የጃንሆይ ልደት፣ ጥቅምት 23 ደግሞ ዘውድ የጫኑበት ቀን ሆነው ይከበሩ ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ሲወርዱ ሁለቱም አብረዋቸው ወረዱ። በቦታቸው ራሱ መስከረም 2 የአብዮት ቀን ሆኖ ተተከለ። የእንቁጣጣሽ ማግሥት እኮ ነው! ሰው የዶሮ ወጡን አጣጥሞ ሳይጨርስ ቀበሌ ስም እየጠራ ለሰልፍ ያወጣው ነበር። የድል በዓልም አልተረፈም። ሚያዝያ 27 ጃንሆይ በ1933 አዲስ አበባ የገቡበት ቀን ነውና፣ ደርግ በዓሉን ከተማዋ ከጣሊያን እጅ ወደወጣችበት ወደ መጋቢት 28 አዛወረው። ደርግ ከወደቀ በኋላ መስከረም 2 ቀረ፣ ሚያዝያ 27 ተመለሰ፣ ግንቦት 20 ተጨመረ። ግንቦት 20ም በተራው በ2016 ዓ.ም. በወጣው የሕዝብ በዓላት አዋጅ ውስጥ የለም። ሹም በተሻረ ቁጥር በዓል ተሽሯል።

ታዲያ ደርግ ከተከላቸው ውስጥ ማንም ያልሻራቸው አሉ። ሦስቱ የሙስሊሞች በዓላት፣ ማለትም ኢድ አልፈጥር፣ አረፋና መውሊድ፣ የሕዝብ በዓል የሆኑት በ1967 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ካላንደሩ ላይ ቀይ አልነበሩም። ይህን ከመጽሐፍ ከማንበቤ በፊት ከእናቴ አፍ ሰምቼዋለሁ።

አቃቂ የፋብሪካ ከተማ ነው። የጅቡቲው ባቡር በሚያልፍበት ዳር የተተከሉት ፋብሪካዎች ከየአገሩ ሰው እየሳቡ አንድ ሰፈር አደረጉን። አባቴ ከነዚህ በአንዱ ሽመና ክፍል ይሠራ ነበር። ጎረቤታችንም እዚያው ነበሩ፤ ከወሎ የመጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ሼኹ» የሚላቸው፣ ሼኽ ግን ያልነበሩ ሰው። ፋብሪካው በሦስት ፈረቃ ሌት ተቀን ይሠራል። ገናና ፋሲካ ሲደርስ ማሽኑ ይቆማል፤ ኢድ ሲደርስ አይቆምም። ኢድ የቀረ ሠራተኛ ከሥራ የቀረ ነው።

ሁለቱ ሰዎች ዘዴ ፈጠሩ። አባቴ የኅዳር ሚካኤልን ይዘክር ነበር፤ ያም ካላንደር ላይ ዝግ አይደለም። ስለዚህ ኅዳር 12 ሼኹ በአባቴ ፈረቃ ይገባሉ፤ ኢድ ሲሆን አባቴ በሼኹ ፈረቃ ይገባል። ለዓመታት እንዲህ ሄደ። አንድ ኢድ ላይ ካቦው ደረሰበትና የሁለቱንም የቀን ሂሳብ ቆረጠ። የሼኹን ስለቀሩ፣ የአባቴን ደግሞ ባልታዘዘበት ፈረቃ ስለገባ። ሼኹ የአባቴን ሂሳብ ሊተኩ ብር ይዘው መጡ። አባቴ አልቀበልም አለ። «በእኔ በዓል አንተ ለምን ትከስራለህ?» «አንተስ በእኔ ሚካኤል ስንቴ ደከምክ?» ሲባባሉ ተቀያየሙና ለሳምንት ሰላምታ ቀረ። እናቴ ይህን ስታወራ ሁልጊዜ ትስቅ ነበር። እኔ ግን ካቦው የቆረጠው ገንዘብ የሁለት ልጆች እንጀራ እንደነበር ሳስብ ሳቁ አይመጣልኝም።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 የአዲስ አበባ ሙስሊሞች ሰልፍ ወጡ። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ነበር፤ ክርስቲያኖችም አብረው ተሰልፈዋል። ሼኹም ከአቃቂ ሄደዋል። ከጥያቄዎቹ አንዱ በዓላቶቻቸው የአገር በዓል እንዲሆኑ ነው። ሌላው ጥያቄ አስተማሪነቴን ይነካዋል። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባሉ ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል ብለው ነበር። ተማሪዎቼ መስተዋድድ ለምን እንማራለን ሲሉኝ ይህን ምሳሌ እሰጣቸው ነበር። አንዲት «በ» ባለቤትን እንግዳ ታደርጋለች።

የመጀመሪያውን ዝግ የዋለ ኢድ አልፈጥር አስታውሳለሁ፤ መስከረም 1968 ነው፣ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ በቀን እቤት ሲውል ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት በረንዳው ላይ ይቀመጣል፣ ይነሣል። ለስንት ዓመት ኢድን ያሳለፈው ማሽን ላይ ቆሞ ነዋ። ረፋድ ላይ ሼኹ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው መጥተው በእጁ ይዘው ወሰዱት፤ እኔም ተከተልኩ። ሥጋው ለየብቻ ነው፤ የእነሱን እኛ አንበላም፣ የእኛን እነሱ አይበሉም። ባለቤታቸው ይህን አስበው ምስር ያለው ሳምቡሳ፣ ተምርና ሻይ አቀረቡልን። በፋሲካ እናቴም ለእነሱ ድፎ ዳቦ፣ ዕንቁላልና አይብ ለብቻ ታኖር ነበር። ምስሩ ሚጥሚጣ በዝቶበት ዕንባዬ እስኪመጣ አቃጠለኝ። ሼኹ ለአባቴ «ዛሬ ማን ፈረቃ ገባ?» አሉት። አባቴ «ማንም» አለ። ሁለቱም ቶሎ መሳቅ አልቻሉም።

እንግዲህ በዓል ካላንደር ላይ ሲገባ ሁለት ነገር ይሰጣል፤ አንዱ «አንተም የቤቱ ልጅ ነህ» ማለት ነው፣ ሌላው ዕረፍት ነው። የፊተኛውን አቃልለው የሚያወሩ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ሼኹ ትዝ ይሉኛል። ግን ቤቱ ሰፊ ነው፤ ሁሉም ገና አልተቆጠረም። ሰንበቱን ራሱ እንይ። ቅዳሜ ይከበር አይከበር የሚለው ክርክር በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ቤተ ክህነትን ከፋፍሎ ነበር፤ በመጨረሻ ሁለቱም ሰንበት እንዲከበሩ ተወሰነ። እኛ አቃቂ ደግሞ አጠገባችን የአድቬንቲስት ሚሲዮን ትምህርት ቤት ስላለ፣ ቅዳሜን አጥብቆ የሚያከብር ጎረቤት ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ኢሬቻ ሲደርስ የቃሊቲ መንገድ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ ሆራ አርሰዲ በሚወርድ ሰው ነጭ ይለብሳል። ከ2012 ጀምሮ እዚሁ አዲስ አበባም ሆራ ፊንፊኔ ላይ ይከበራል። ይህን ያህል ሕዝብ የሚወጣበት ቀን የአገሪቱ ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ቅዳሜና እሑድ ላይ መዋሉ ጥያቄውን አለሳለሰው እንጂ አልመለሰውም።

ሁሉም ቀይ ይሁን አልልም። የማርያም፣ የሚካኤል፣ የገብርኤል፣ የመድኃኔዓለም እያሉ ከወር እስከ ወር ሞፈር የማያነሡ ገበሬዎች አጠገብ ነው ያደግኩት። የእኔ ነገር ሁለተኛው ስጦታ ላይ ነው፤ ዕረፍቱ ላይ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን፣ ገልጬ አየሁ። በወር የሚከፈለው ሠራተኛ በሕዝብ በዓል ባለመሥራቱ ደመወዙ አይቀነስበትም። በሌላ መንገድ የሚከፈለው ግን ክፍያው በሥራ ውሉ ወይም በኅብረት ስምምነቱ ይወሰናል። ሲሚንቶ የሚያቦካ ልጅ ምን ውል፣ ምን ኅብረት ስምምነት አለው? በ2014 ዓ.ም. ከሚያዝያ 14 እስከ 27 ባለው ጊዜ ስቅለት፣ ፋሲካ፣ የሠራተኞች ቀን፣ ኢድና የአርበኞች ቀን ተከታትለው ዋሉ። በአሥራ አራት ቀን አምስት የሕዝብ በዓል! ሁለቱ እሑድ ላይ ባይውሉ ኖሮ የቀን ሠራተኛው አምስት ቀን ያጣ ነበር፤ ሦስት ቀን አጣ። ከአምስቱ አንዱ ደግሞ የራሱ የሠራተኛው በዓል ነው።

በማግሥቱ፣ በኢዱ ጠዋት፣ ልጁ ዝግ መሆኑን እያወቀ መጣ። ምናልባት ካቦው ሐሳቡን ቢለውጥ ብሎ ነው። የግንባታው በር ተቆልፏል። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አገሩ ወላይታ መሆኑን ነገረኝ።

«ጊፋታስ? ለጊፋታ ትሄዳለህ?»

«እንዴታ! ዓመቱን ሙሉ የምሠራው ለእሱ አይደል? እዚህ ግን ዝግ አይደለም ጋሼ፤ የሄድኩበት ሁሉ ከኪሴ ነው» አለ።

ግቢዬ ውስጥ ዝናብ የበላው የመጻሕፍት ክፍል አለኝ፤ ከአልጋዬ ሥር እስከ ጣሪያው የተከመረውን ወደ ሌላው ክፍል እንድናግዝ አስገባሁት፣ የቀኑንም ልከፍለው ተስማማን። ሰዓቱ ወደ አምስት ሲል የሼኹ ልጅ፣ አሁን እሷም አያት ሆናለች፣ በአጥሩ ላይ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ ሰሐን አቀበለችኝ።

«ሁዳዴ ነው ብዬ ምስር ነው ያደረግኩት» አለች። ወደ ልጁ አየት አደረገችና፣ «ለሁለት የሚበቃ አይመስለኝም፣ ቆይ ልጨምር» ብላ ተመለሰች።