የማርሻል ዩኒቨርስቲ ፉትቦል ቡድን የ1971 የውድድር ዘመን

በአሜሪካ ዌስት ቨርጂኒያ ግዛት፣ በኦሃዮ ወንዝ ዳርቻ በምትገኘው ሀንቲንግተን ከተማ ያለው የማርሻል ዩኒቨርስቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን እ.ኤ.አ በ1971 ካደረጋቸው 10 ጨዋታዎች ያሸነፈው ሁለቱን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ዋንጫ ያነሱ በርካታ ቡድኖች ሲዘነጉ የዚህ ቡድን ስም እስከ ዛሬ ይነሳል።

ስፖርቱ ስሙ ፉትቦል ይባል እንጂ ሞላላ ኳስ በአብዛኛው በእጅ እየተያዘና እየተወረወረ የሚካሄድ ሲሆን፣ ከእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋቾች ይሰለፉበታል። እንደ ሀንቲንግተን ባሉ ከተሞች የዩኒቨርስቲው ቡድን የተማሪዎቹ ብቻ ሳይሆን የነዋሪው ሁሉ ነው።

እ.ኤ.አ ኅዳር 14 ቀን 1970 ቡድኑ በኢስት ካሮላይና ዩኒቨርስቲ 17 ለ14 ተሸንፎ ሲመለስ የተሳፈረበት አውሮፕላን በዝናብና በጭጋግ ውስጥ ለማረፍ ሲቃረብ ከአየር ማረፊያው አጠገብ በሚገኝ ኮረብታ ላይ ያሉ ዛፎችን ገጭቶ ተከሰከሰ። በውስጡ የነበሩት 75 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ከእነዚህም መካከል 37 ተጫዋቾች፣ ዋና አሰልጣኙ ሪክ ቶሊ፣ ሌሎች የቡድኑ ባልደረቦችና ቡድኑን አጅበው የተጓዙ የከተማዋ ታዋቂ ሰዎች ይገኙበታል። 70 ልጆች ቢያንስ አንድ ወላጃቸውን አጡ፤ ከነዚህ ውስጥ 18ቱ እናትም አባትም አልቀረላቸውም።

ቡድኑ ይቀጥል ወይስ ይፍረስ የሚለው ጥያቄ ከቀብሩ ማግስት መነሳቱ አልቀረም። እንዲቀጥል ሲወሰን ኃላፊነቱን የተረከቡት ከዉስተር ኮሌጅ የመጡት አሰልጣኝ ጃክ ሌንግየል ነበሩ። ለተጫዋቾች ምልመላ በመኪና በመጓዛቸው ከአደጋው የተረፉት ረዳት አሰልጣኝ ሬድ ዳውሰንም አብረዋቸው ለመሥራት ተስማምተው እስከ 1971 የውድድር ዘመን ፍጻሜ ቆይተዋል።

ዋናው ችግር ግን የተጫዋች እጦት ነበር። በወቅቱ ደንብ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በዋናው ቡድን እንዲሰለፉ አይፈቀድም ነበር። በዚህ ክልከላ ምክንያት ወጣቶቹ በዚያ በረራ አልተሳፈሩም፤ ሕይወታቸውን ያተረፈው ደንብ ግን አሁን ቡድን እንዳይሟላ እንቅፋት ሆነ። ብሔራዊው የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ለማርሻል በልዩ ሁኔታ በመፍቀዱ አዲስ ገቢ ተማሪዎችም ሊሰለፉ ቻሉ። የቀረው ክፍተት ከሌሎች ስፖርቶች በመጡ ተማሪዎች ተሞላ። በጉዳት ምክንያት ሳይጓዝ የቀረው ኔት ራፊን የቡድኑ አምበል ሆነ።

የተፎካካሪው የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርስቲ አሰልጣኝ ቦቢ ባውደን አዲሱ አሰልጣኝ የቡድናቸውን የማጥቃት ስልት እንዲያጠኑ በራቸውን ከፍተዋል። አንድ አሰልጣኝ የጨዋታ ዕቅዱን ለሌላ ቡድን ማሳየቱ በዚህ ስፖርት የተለመደ አይደለም።

ቡድኑ የመጀመሪያ ጨዋታውን በሞርሄድ ስቴት 29 ለ6 ተሸነፈ። መስከረም 25 ቀን 1971 በሜዳው ዛቪየርን ሲያስተናግድ ግን፣ 13 ለ9 እየተመራ ሰዓቱ ሊያልቅ በተቃረበበት ቅጽበት ሬጂ ኦሊቨር ኳሷን ለአንደኛ ዓመቱ ተማሪ ለቴሪ ጋርድነር አቀበለው። ጋርድነር እስከ መጨረሻው መስመር ሮጦ 6 ነጥብ ሲያስቆጥር የጨዋታው ጊዜ አልቆ ስለነበር ውጤቱ 15 ለ13 ሆኖ ጸና። ተመልካቹ ከሜዳው ለረጅም ጊዜ አልወጣም።

እ.ኤ.አ በ2006 የተሠራው የሆሊውድ ፊልም ትረካውን የሚቋጨው በዚህ ድል ነው። የተጫዋቾቹ ፈተና ግን በሚቀጥለው ሳምንት ቀጠለ፤ በማያሚ ኦሃዮ 66 ለ6 ተሸነፉ። ሁለተኛውንና የመጨረሻውን ድል ያገኙት በጥቅምት ወር መጨረሻ ቦውሊንግ ግሪንን 12 ለ10 በመርታት ነበር። ሌንግየል በአራት ዓመት ቆይታቸው 9 ጨዋታ አሸንፈው 33 ተሸንፈዋል። ማርሻል ከሽንፈቱ የሚበልጥ ድል ያስመዘገበበት የውድድር ዘመን የመጣው በ1984 ሲሆን፣ በ1992 በሁለተኛው እርከን የኮሌጆች ውድድር የአገሪቱ ሻምፒዮን ለመሆን በቅቷል።

አስከሬናቸው ሊለይ ያልቻለ ስድስት ተጫዋቾች በከተማዋ ስፕሪንግ ሂል መካነ መቃብር አርፈዋል። በ2001 ያረፈው ራፊንም የተቀበረው ከእነርሱ ጎን ነው። በዩኒቨርስቲው ግቢ የቆመው የመታሰቢያ ፏፏቴ በየዓመቱ ኅዳር 14 ቀን በሥነ ሥርዓት ይዘጋል፤ ውኃው ዳግም የሚለቀቀው በጸደይ ነው።