ማይክሮዌቭ፦ ወጡ እስከ መሐሉ ይሙቅ

የማይክሮዌቭ ሞገድ ምግብ ውስጥ የሚዘልቀው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት የወጡ ዳር ሲንተከተክ መሐሉ ቀዝቃዛ ሊሆን፣ ጀርሞችም በዚያ ሊተርፉ ይችላሉ። ስለሆነም ወጡ ተከድኖ ይሙቅ፤ በመካከል ወጥቶ ይማሰል፤ ከሞቀም በኋላ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይቆይ። የዶሮ ወጥ ዕንቁላል ሙሉውን ከገባ ሊፈነዳ ስለሚችል አስቀድሞ ይከፈል። የብረት ሳህንና ፎይል አይገቡም።

የዓለም ጤና ድርጅት ምግብ ቢያንስ እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሞቅ ይመክራል። 3 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው የመንዝ ደጋ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው። በሞላሌም ቢሆን እንግዲህ ወጡ እስከ መሐሉ ከፈላ ይበቃል፤ ጊዜ የሚፈጀው የደረቀ ባቄላና አተር መቀቀሉ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን አስቀድሞ የሚፈጸመው ስሕተት ነው። የደጋውን ብርድ ተማምኖ ትልቅ ድስት ወጥ ከምድጃው አጠገብ ማሳደር አደገኛ ነው፤ ድስቱ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ጀርሞች ይራባሉ። አንዳንዶቹ የሚተዉት መርዝ በማፍላትም አይጠፋም። የተረፈው በትንንሽ ዕቃ ተከፍሎ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ይግባ። መብራት ከጠፋ፣ በሩ ካልተከፈተ፣ ማቀዝቀዣው ለአራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል።