ከአጋሰስ እስከ ሞተር፦ የመርካቶ የተራራ መንገድ

የመርካቶ ታሪክ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከጣሊያን ነው። ወራሪው አዲስ አበባን በቆዳ ቀለም ለመከፋፈል ባወጣው ፕላን በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ የነበረውን ገበያ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወሰደ፤ አራዳን ፒያሳ ብሎ ለራሱ አስቀረ፣ ለአገሬው የተመደበው ስፍራም መርካቶ ሆነ። ይህ እውነት ነው። ቦታ መምረጥ ግን ገበያ መሥራት አይደለም። ጣሊያን ያዛወረው ቀድሞ የቆመ ገበያ ነበር፤ ያንን ገበያ ያቆመው ደግሞ በተራራና በገደል የሚያልፈው፣ ጥርጊያ እንኳ የሌለው የነጋዴ መንገድ ነው። መርካቶ ዛሬም ከዚያ መንገድ አልተላቀቀም ብዬ አምናለሁ።

ሲራራ ነጋዴ ከከፋና ከጅማ ቡና፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ፣ ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው እየጫነ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይጓዝ ነበር። ሥራው ዕውቀት ይጠይቃል። የአጋሰሷ ጭነት ግራና ቀኙ ካልተመጣጠነ ጀርባዋ ይላጣል፤ ቁልቁለት ላይ ኮርቻው ወደ አንገቷ እንዳይንሸራተት በጭራዋ ሥር በሚያልፍ ጠፍር ይያዛል። ክረምት ሲገባ ዓባይ ስለሚሞላ የጎጃም ነጋዴ ወንዙ እስኪጎድል ይጠብቃል። መንገዱ ላይ ኬላ ጠባቂ ቀረጥ ይቀበላል፣ ጫካው ውስጥ ሽፍታ ይሸምቃል። ስለዚህ ነጋዴው ብቻውን አይወጣም፤ ከጓደኞቹ ጋር ተሰባስቦ በነጋድራስ ይመራል። ይህ የጉዞ መሪ ስም ኋላ የመንግሥት ሹመት ሆነ። የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በዚያው ዓመት መሆኑ ሲታሰብ፣ ያ ሹመት ምን ያህል በበቅሎ ጀርባ ላይ የቆመ እንደነበር ግልጽ ነው። በ1909 ዓ.ም. ባቡር ዋና ከተማው ሲደርስም የወደብን ዕቃ አቀረበ እንጂ ከከተማው ወዲያ ያለውን የደጋ አቀበት አልወጣም።

ሲራራን ካሚዮን አጠፋው፣ ታሪኩም እዚያ ላይ ተዘጋ የሚል ሰው ይኖራል። ከፊሉን እቀበላለሁ። ጣሊያን ለጦሩ ብሎ የሠራቸው መንገዶች፣ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣንም ያስፋፋቸው፣ ረጅሙን የበቅሎ ጉዞ አስቀርተዋል። ከመርካቶ ጎን አውቶቡስ ተራ መብቀሉም ለዚህ ምስክር ነው። ነገር ግን አስፋልቱን ማን እንደፈለገው እንይ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የጉራጌ ተወላጆች፣ ብዙዎቹም የመርካቶ ነጋዴዎች፣ ከኪሳቸው እያዋጡ ወደ አገራቸው መንገድ የሚያስወጣ ድርጅት አቆሙ። በእግር ተጉዘው ከተማ የገቡ፣ ተሸክመውና ቸርችረው ሱቅ የከፈቱ ሰዎች ናቸው። ጎዳናው ገበያውን የፈጠረ ይመስለናል፤ እዚህ ላይ ግን ገበያው ጎዳናውን ሠራ። ያም ሆኖ ካሚዮኑ ወረዳ ከተማ ደርሶ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ያለው ኮረኮንችና የእግር መንገድ ለረጅም ጊዜ የአህያና የበቅሎ ብቻ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ግን ሞተር ሳይክል ገብቶበታል።

ዛሬ አንድ ሞተረኛ ከወረዳው ከተማ ተነሥቶ ከመርካቶ የመጣ ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይና ጫማ ከኋላው አስሮ ብቻውን ተራራ ይወጣል። ጭነቱ ወደ ኋላ ከበዛ አቀበት ላይ የፊት ጎማው ይነሣበታል። ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬን ጨብጦ ቢይዝ ጠጠሩ ያንሸራትተዋል፤ ስለዚህ ማርሽ ቀንሶ በሞተሩ ጉልበት እየተያዘ ይወርዳል። ይህ የአጋሰስ ጫኚው ዕውቀት ነው፤ መሣሪያው ብቻ ተለወጠ። ሲራራ ማኅበር ነበር፣ ሞተረኛ ብቸኛ ነው፣ ምን ያዛምዳቸዋል የሚለው ተቃውሞ ግን ክብደት አለው። መልሴ ሲራራን ያሰባሰበው ሽፍታና ኬላ ነበር የሚል ነው። በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ሲቻል የመሰባሰቡ ግድ ላላ። አደጋው ግን አልላላም፤ ቀድሞ ለብዙ ሰው ይከፋፈል የነበረው አሁን በአንድ ትከሻ ላይ ወደቀ። ገደል አፋፍ ላይ የወደቀን ሞተረኛ የሚያነሣ ጓድ የለም። የተበላ ፍሪሲዮን ወይም የተበጠሰ ካቴና በወረዳው ከታጣ እንደ ሶማሌ ተራ ካሉ የመለዋወጫ ተራዎች በአውቶቡስ ተጭኖ እስኪመጣ ሥራው ይቆማል። ሞተር የወንጀል መሣሪያ ሆኗል የሚለው ስጋት በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ክልከላ አስከትሏል። የከተማን ስጋት ይዞ የተራራውን ሞተረኛ መመዘን ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የሲራራ ነጋዴ ነጋድራስ ነበረው፣ ነጋድራሱም ቤተ መንግሥት ደርሶ ተሰምቷል። ለመርካቶ ሸቀጥ የመጨረሻውን አቀበት የሚወጣው ሞተረኛ ስለ እሱ የሚናገር እንዲህ ያለ ሹም የለውም።